ቤት የመጀመሪያው ትምህርት ቤት፦ የሕፃናት ትምህርት ከምድጃ ዳር እስከ ዳዊት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፣ በመንዝ፣ በግሼና በመርሐ ቤቴ ያሉ ብዙ ወላጆች በእነዚህ ዓመታት በልባቸው የሚያመላልሱት አንድ ጥያቄ አለ። ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ልጄን ማን ያስተምርልኛል? በመጋቢት ወር 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት በመላው ኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። በኅዳር ወር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ሰሜን ሸዋ ዘለቀ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮም በአማራ ክልል በተፈጠረው ግጭት በርካታ ትምህርት ቤቶች ደጃቸው ተዘግቶ ቆይቷል። በዚህ መካከል ፊደል ሳይቆጥር 7፣ 8፣ 9 ዓመት የሞላው ሕፃን ጥቂት አይደለም። የዕድሜ ጊዜ ደግሞ ካለፈ አይመለስም።

ይህ ጽሑፍ ለዚያ ጥያቄ ከቤተ ክርስቲያን ሥርዓትና ከአካባቢው ኑሮ መልስ ለመስጠት የተዘጋጀ ነው። መልሱም በአጭሩ እንዲህ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ሕፃናትን የምታስተምርበት ሥርዓት አስቀድሞም ከቤት የሚጀምር ነው፤ ጥቂት መጻሕፍትና የወላጅ ድምፅ ካሉ ማንበብ የማይችል ወላጅ እንኳ ሊጀምረው ይችላል። ወላጅ የኔታን አይተካም፤ የዘመኑን ትምህርት ቤትም አይተካም። ነገር ግን መሠረቱን መጣል የእርሱ ድርሻ ነው።

መጻሕፍት ለወላጅ የሰጡት ኃላፊነት

በኦሪት ዘዳግም 6፥6-7 እግዚአብሔር ትእዛዙን የሰጠው ለአባትና ለእናት ነው። ቃሉን ለልጆቻቸው እንዲያስተምሩ፣ በቤት ሲቀመጡም በመንገድ ሲሄዱም፣ ሲተኙም ሲነሡም እንዲናገሩት አዘዛቸው። በዚህ ትእዛዝ ውስጥ ሁለት ነገሮችን እናስተውላለን። አንደኛ፣ አስተማሪው ወላጅ ነው። ሁለተኛ፣ የትምህርቱ ጊዜ ከዕለት ኑሮ የተለየ አይደለም፤ መቀመጥ፣ መሄድ፣ መተኛት፣ መነሣት ማንም ሰው በየዕለቱ የሚያደርገው ነገር ነውና።

በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ እንደምናነበው ሐና ልጇን ሳሙኤልን ለካህኑ ለዔሊ የሰጠችው ጡት ካስጣለችው በኋላ ነው። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ያሳለፈው በእናቱ እጅ ነበር። በቤተ መቅደስ ማገልገል ከጀመረም በኋላ እናቱ በየዓመቱ ትንሽ መደረቢያ እየሠራች ትወስድለት ነበር (1ኛ ሳሙ. 2፥19)። ለአገልግሎት ሰጠችው እንጂ አልተወችውም።

ከሐዲስ ኪዳን ደግሞ የጢሞቴዎስን ቤት እንመልከት። አባቱ የግሪክ ሰው ነበር (ሐዋ. 16፥1)። እምነቱን የወረሰው ግን ከአያቱ ከሎይድና ከእናቱ ከኤውንቄ ነው (2ኛ ጢሞ. 1፥5)። ቅዱሳት መጻሕፍትንም ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያውቅ እንደነበር ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ይመሰክርለታል (2ኛ ጢሞ. 3፥15)። በአንድ ቤት ካሉት መካከል አንዱ ብቻ ቢተጋ እንኳ ልጁ ባዶውን እንደማይቀር ይህ ታሪክ ያሳያል። አባቱ ለሥራ ርቆ የሄደ፣ ወይም ከአያቱ ጋር ብቻውን የቀረ ልጅ ያለባቸው ቤቶች ይህን ታሪክ ቢያስታውሱ ይጽናናሉ።

በጥምቀት ዕለትም ቤተ ክርስቲያን የክርስትና አባትን ወይም እናትን የምታቆመው ለስም ብቻ አይደለም። ወንዱ በ40 ቀን ሴቷ በ80 ቀን ሲጠመቁ፣ ሃይማኖቱን ለሕፃኑ ለማስተማር አደራ የሚቀበል ሰው አብሮ ይቆማል። ስለዚህ የቤት ትምህርት ሸክም በእናት ትከሻ ላይ ብቻ የሚወድቅ አይደለም።

የአባቶች ምክርና ምሳሌ

ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ አባቱን በሕፃንነቱ አጥቶ በእናቱ በአንቱሳ እጅ ያደገ ነው። ስለ ልጆች አስተዳደግ በጻፈው ትምህርቱ ለወላጆች የሰጠው ምክር እጅግ ቀላልና ለማንኛውም ቤት የሚሆን ነው። አባት ከሥራ ውሎ ሲመሸ ለልጁ አንድ የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ፣ ለምሳሌ የቃየልንና የአቤልን፣ በሚገባው አነጋገር ይንገረው። በሌላ ጊዜ ደግሞ ልጁ ራሱ ታሪኩን መልሶ እንዲነግረው ይጠይቀው። ከዚያ በኋላ ያ ታሪክ በሚነበብበት ቀን ልጁን ይዞ ቤተ ክርስቲያን ይሂድ፤ ልጁ የሚያውቀውን ሲሰማ ደስ ይለዋልና። ይኸው አባት ስለ በትርም ሲመክር፣ ልጅ በትርን ይፍራ እንጂ ዘወትር አይመታ ይላል።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ከመንዝ በስተደቡብ በቡልጋ፣ በጽላልሽ ኢቲሳ የተወለዱት ጻድቁ አቡነ ተክለ ሃይማኖት የመጀመሪያ ትምህርታቸውን የተማሩት ከአባታቸው ከካህኑ ከጸጋ ዘአብ እንደሆነ ገድላቸው ይናገራል። ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. የነገሡትና ደብረ ብርሃንን የመሠረቱት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብም ካህናት በሰንበታት ሕዝቡን እንዲያስተምሩ አዝዘው ነበር። በቤተ ክርስቲያን በሰንበት የተሰማው ትምህርት በሳምንቱ ሌሎች ቀናት በቤት ካልተደገመ ሥር አይሰድም።

በጎጃም የታወቁት የቅኔ መምህርት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስም ለዚህ ሕያው ምስክር ናቸው። በልጅነታቸው የዓይናቸውን ብርሃን ያጡት እማሆይ ገላነሽ ቅኔን የተማሩት ከአባታቸው ነው። በጆሯቸው ሰምተው፣ በልባቸው ይዘው፣ ኋላም ወንበር ዘርግተው ብዙ ተማሪዎችን አፍርተዋል። ሴት ልጅ ከትምህርት ትከልከል ለሚል ሰው፣ ማንበብ ያልቻለ አይማርም ለሚልም ሰው የእርሳቸው ሕይወት በቂ መልስ ነው።

የንባብ ትምህርት ቅደም ተከተል

የአብነት ትምህርታችን የመጀመሪያው ደረጃ ንባብ ቤት ነው። ቅደም ተከተሉን ያወቀ ወላጅ ልጁን ከየት ወዴት እንደሚወስደው አይቸገርም።

*ፊደል።* የአማርኛው ፊደል ገበታ 33 ተራ ሲሆን እያንዳንዱ ተራ 7 ቅርጽ አለው፤ በድምሩ 231 ይሆናል። ልጁ በስንደዶ ወይም በቀጭን እንጨት እያንዳንዱን ፊደል እየነካ ይቆጥራል። ጣቱ፣ ዓይኑና አፉ አብረው መሄድ አለባቸው። አንድን ተራ በአንድ ቀን ቢይዝ፣ በሳምንት 5 ቀን አዲስ ተራ ተምሮ ቅዳሜን ለክለሳ ቢተውት፣ በ7 ሳምንት ገደማ ገበታውን ይጨርሳል። ፈጣኑ ቀድሞ ይጨርሳል፤ የሚዘገየው እጥፍ ጊዜ ቢወስድም ነቀፋ የለበትም።

ይህን ገበታ ለሕዝብ ቤት ካደረሱት ሰዎች ቀዳሚው ያው የሰሜን ሸዋ ሰው፣ ተስፋ ገብረ ሥላሴ ዘብሔረ ቡልጋ ናቸው። በአዲስ አበባ ያቋቋሙት ማተሚያ ቤት ያሳተመው የፊደል ገበታ በየገበያው እየተሸጠ ለብዙ ትውልድ የመጀመሪያው መጽሐፍ ሆኗል። ዛሬም ከከተማ ወደ ገጠር ለሚሄድ ዘመድ ከዚህ የበለጠ ቀላል ስጦታ አይገኝም።

*አቡጊዳ።* ሕፃኑ ሀሁን እንደ ዜማ በቃሉ ይዞ ፊደሉን ሳያውቀው ሊቀር ይችላል። አባቶች ይህን አውቀው ተራውን የሚያዘበራርቀውን አቡጊዳን አዘጋጁ። በአቡጊዳ እያንዳንዱ ፊደል ከሌላ ተራ፣ በሌላ ቅርጽ ስለሚመጣ ልጁ በልምድ ሊያልፈው አይችልም፤ ማወቅ ግድ ይሆንበታል። ስለዚህ ወላጅ ሀሁ አለቀ ብሎ ከመደሰቱ በፊት በአቡጊዳ ይፈትነው። ገበታውን ከታች ወደ ላይ ማስቆጠርም ጥሩ መፈተኛ ነው።

*ፊደለ ሐዋርያ።* ይህ የዮሐንስ መልእክት ቀዳማዊ ነው። ልጁ አስቀድሞ ፊደል በፊደል ይቆጥረዋል፤ ቀጥሎ በግእዝ፣ በውርድ ንባብና በቁም ንባብ ያነበዋል። በዚህ ጊዜ ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ተጣይና ሰያፍ የሚባሉትን የንባብ ስልቶች ይለምዳል። ከዚህ ደረጃ ጀምሮ የኔታ ያስፈልጋሉ፤ ያልተማረ ወላጅ በስሕተት ያስለመደውን ንባብ ማቅናት ከማስተማሩ ይልቅ አድካሚ ነውና።

*ወንጌልና ዳዊት።* ወንጌለ ዮሐንስ ከተነበበ በኋላ ልጁ ወደ ዳዊት ይገባል። 150ው መዝሙራት እያንዳንዳቸው 10 መዝሙር በያዙ 15 ንጉሥ ይከፈላሉ። ከመዝሙራቱ ጋር ጸሎተ ነቢያት፣ መኃልየ መኃልይ፣ ውዳሴ ማርያምና አንቀጸ ብርሃን አሉ። ልጅ ዳዊት ሲደግም ወላጆች ለየኔታና ለጎረቤት ይደግሳሉ። ይህ ድግስ ልጁ ትምህርት ክብር እንዳለው በዓይኑ የሚያይበት ቀን ነው፤ ጠላና ዳቦ ብቻ ቢሆንም እንኳ መቅረት የለበትም።

የቃል ትምህርት፦ ማንበብ ለማይችሉ ወላጆች

"እኔ ራሴ አልተማርሁ፤ ምን አስተምረዋለሁ?" የሚሉ እናቶችና አባቶች ብዙ ናቸው። ለዚህ መልሱ በራሱ በንባብ ቤት ሥርዓት ውስጥ አለ። ቀን በብርሃን ፊደልና ንባብ የሚያስተምሩት የኔታ ሌሊት መብራት በሌለበት የቃል ትምህርት ያስተምራሉ። አቡነ ዘበሰማያት፣ ጸሎተ ሃይማኖት፣ ውዳሴ ማርያም፣ መልክአ ማርያምና መልክአ ኢየሱስ ከመምህሩ አፍ ወደ ተማሪው ጆሮ የሚተላለፉት በዚህ መንገድ ነው። ጨለማ ያልከለከለውን ትምህርት መሃይምነትም አይከለክለውም።

የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ የሰኞን ውዳሴ ማርያም አስቀድሞ የሰማው ከአያቱ አፍ ነው። አያቱ ፊደል አልቆጠሩም ነበር። በደጋው ብርድ ምድጃ ዳር ተቀምጠው፣ የበግ ጠጉር በእንዝርት እየፈተሉ፣ የሚያውቁትን ጸሎት ቀስ ብለው ይሉ ነበር፤ ልጆችም ተከትለው ይላሉ። እንዝርቱ ሲወድቅ ጸሎቱም ለአፍታ ይቆማል፤ ሲነሣ ይቀጥላል። ኋላ ንባብ ቤት ስንገባ የኔታ ያገኙት ባዶ መሬት አልነበረም፤ ታርሶ የቆየ ማሳ ነበር።

ይህን ለማድረግ የሚከተለው ቅደም ተከተል ይረዳል።

1. ማማተብ። ትርጉሙን ከእጁ እንቅስቃሴ ጋር አያይዞ፣ ስመ ሥላሴን በማስጠራት። 2 ዓመት የሞላው ሕፃን ይችለዋል።

2. አቡነ ዘበሰማያት። በየቀኑ አንድ ሐረግ ብቻ። የነገውን ከመጨመር በፊት የዛሬውን ማስደገም።

3. በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል፣ ቀጥሎም ጸሎተ ሃይማኖት።

4. የየዕለቱ ውዳሴ ማርያም። ለ7ቱ ዕለታት የተከፈለ ስለሆነ ልጁ ከጸሎቱ ጋር ሰኑይ፣ ሠሉስ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ፣ ዓርብ፣ ቀዳሚት፣ እሑድ እያለ የዕለታትን ስም በግእዝ ያጠናል።

5. አምስቱ አዕማደ ምሥጢር በአምስቱ ጣቶች። ሥላሴ፣ ሥጋዌ፣ ጥምቀት፣ ቁርባን፣ ትንሣኤ ሙታን እያሉ አንድ አንድ ጣት ማስያዝ። ትርጉሙ ከዕድሜው ጋር ይሰፋል፤ ስሙ ግን ከእጁ አይጠፋም።

ግእዙን የሚያውቅ ሰው በቤቱ ካለ፣ ልጁ የሚለውን ጸሎት ትርጉም በአማርኛ ይንገረው። ልጅ የሚለውን ሳያውቅ ዓመታት ማሳለፉ የድሮው ትምህርት ድካም ነበር። ትርጉሙን የማያውቁ ወላጆችም እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ካህኑን አንድ ቃል ጠይቀው ቢመለሱ፣ በዓመት ከ50 በላይ ቃል ወደ ቤታቸው ያስገባሉ።

የዕለት ሥራ እንደ ትምህርት

በመንዝ ደጋ 6 ወይም 7 ዓመት የሞላው ልጅ በግ ይጠብቃል። ብዙ ወላጆች ይህን ከትምህርት የሚለይ ችግር አድርገው ያዩታል፤ በእርግጥም ቀኑን ሙሉ በሜዳ የሚውል ልጅ ገበታ ፊት የሚቀመጥበት ጊዜ ያጥረዋል። ነገር ግን ሥራው ራሱ ትምህርት ሊሆን ይችላል።

*ቁጥር ከበጎች።* ጠዋት በጎቹ ከበረት ሲወጡ ልጁ አንድ በአንድ ይቁጠር፤ ማታ ሲገቡም ይቁጠር። ሲወጡ 12 ሆነው ሲገቡ 11 ቢሆኑ ስንት ጎደለ ብሎ መጠየቅ መቀነስን ማስተማር ነው። ሁለት ግልገል ሲወለድ መደመርን ይማራል። በዚያው ላይ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 15 ያለውን የጠፋውን በግ ታሪክ ይንገሩት። ከ100 በግ አንድ የጠፋችበት እረኛ ለምን 99ኙን ትቶ እንደሄደ ከመንዝ እረኛ ልጅ የበለጠ የሚገባው የለም። ነቢዩ ዳዊትም እረኛ እንደነበረና መዝሙር 22 የእረኛ መዝሙር እንደሆነ ሲሰማ ዳዊት የሩቅ ሰው አይሆንበትም።

*ወራት ከባቄላ።* በሁለት ዋንጫ ወይም ጣሳ 30 የባቄላ ፍሬ ያዘጋጁ። ልጁ በየጠዋቱ አንድ ፍሬ ከአንዱ ወደ ሌላው ያሻግር፤ የወሩን ቀን በቁጥር ይናገር፤ የዕለቱንም በዓል ይጥራ። በ5 አቦ፣ በ7 ሥላሴ፣ በ12 ሚካኤል፣ በ16 ኪዳነ ምሕረት፣ በ19 ገብርኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ23 ጊዮርጊስ፣ በ24 ተክለ ሃይማኖት፣ በ27 መድኃኔዓለም እያለ እስከ 30 ይደርሳል። 12 ጊዜ ሞልቶ ጳጉሜን ሲመጣ 5 ወይም 6 ፍሬ ብቻ ይበቃል፤ ለምን እንደሆነ ይጠይቃል፤ ያን ጊዜ ዘመነ ማቴዎስን፣ ማርቆስን፣ ሉቃስንና ዮሐንስን መንገር ይቻላል። የግእዝ ቁጥርንም በዚሁ ያጠናል። ምልክቶቹ 20 ብቻ ናቸው፤ ከ፩ እስከ ፱፣ ከ፲ እስከ ፺፣ ፻ እና ፼።

*ጽሕፈት ከአመድና ከድንጋይ።* ደብተርና እርሳስ በማይገኝበት ጊዜ በተደለደለ አመድ ወይም አፈር ላይ በጣት መጻፍ ይቻላል። በመንዝ ምድር ጠፍጣፋ ድንጋይ አይታጣም፤ በከሰል ተጽፎ በውኃ ይታጠባል። በመርሐ ቤቴ ቆላም ልጁ ጤፍና ማሽላ ጠብቆ ሲመለስ ያን ዕለት የያዘውን አንድ ተራ ፊደል በደጅ አፈር ላይ ጽፎ ያሳይ። የሚጻፈው ጥቂት፣ የሚደጋገመው ብዙ ይሁን።

*ትዕግሥት ከጓሳ።* የመንዝ ሰዎች ጓሳን በቄሮ ሥርዓት ለዘመናት ጠብቀዋል። ሣሩ ዝግ በሆነበት ጊዜ ማንም አያጭድም፤ ሲከፈት ሁሉም በሥርዓት ይጠቀማል። ዛሬ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚታዩበት ያ ምድር የተረፈው በዚህ ጥበቃ ነው። ልጅን ወደ ጓሳ ጫፍ ወስዶ "አያቶችህ ይህን ለምን ሳያጭዱ ጠበቁት?" ብሎ መጠየቅ ስለ ፍጥረት ጥበቃም ስለ ጾምም የሚያስተምር ነው። ጾም ያለውን ነገር ለጊዜው መተው እንደሆነ ልጁ በሣር ይረዳዋል። ረቡዕና ዓርብን ከጠዋት እስከ ተወሰነ ሰዓት እየጾመ ቀስ በቀስ ይለምዳል፤ ሰዓቱን ግን ወላጅ ከንስሐ አባቱ ጋር ይወስን።

*ምጽዋትና ምስጋና ከማዕድ።* ዳቦ በስመ ሥላሴ ሲቆረስ ልጁ አይቶ ይማር። ለእንግዳ ወይም ለተቸገረ ጎረቤት የሚሰጠውን ቁራሽ ልጁ በራሱ እጅ ይዞ ይስጥ። ስለ ምጽዋት ከሚሰማው ስብከት ይልቅ በእጁ ያደረሰው ቁራሽ ከልቡ አይወጣም።

የአንድ ቀን መርሐ ግብር

የቤት ትምህርት በብዙ ሰዓት አይለካም። ለ4 እና ለ5 ዓመት ልጅ በአንድ ጊዜ ከሩብ ሰዓት ያልበለጠ፣ ለ6 እና ለ7 ዓመት ልጅ እስከ ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ቢያንስ በቀን ሦስት አጫጭር ጊዜያት ይኑሩ። ጠዋት ከመውጣት በፊት ማማተብ፣ ጸሎትና የባቄላው ቁጥር ይሁን። ከሰዓት ወይም አመሻሽ ላይ፣ ብርሃን ሳለ፣ አንድ ተራ ፊደል ይቆጠር። ማታ ምድጃ ዳር የቃል ትምህርትና አንድ ታሪክ ይሁን። በሚቀጥለው ማታ ልጁ ታሪኩን መልሶ ይንገር።

በቤት ብዙ ልጆች ካሉ ትልቁ ታናሹን ያስቀጽል። በንባብ ቤትም የኔታ ሁሉንም ልጆች በየተራ ብቻቸውን አያስተምሩም፤ ዘለቅ ያለው ጀማሪውን ያስቀጽላል። ለታናሹ የሚያስተምር ልጅ የራሱን ትምህርት ያጸናል። ጎረቤታሞችም ቢስማሙ፣ ፊደል የሚያውቀው አባት የሦስት ቤት ልጆችን ሰብስቦ ሊያስቆጥር፣ ሌላው ቤት ደግሞ በምትኩ በጎቹን ሊጠብቅለት ይችላል።

ልንጠነቀቅባቸው የሚገቡ ነገሮች

መጀመሪያ፣ ድብደባን እንተው። ኩርኩምና አለንጋ የድሮ ትምህርት መሣሪያ ሆነው ብዙዎችን ከፊደል አስኮብልለዋል። ሐዋርያው በኤፌሶን መልእክቱ 6፥4 አባቶች ልጆቻቸውን እንዳያስቆጡ፣ በጌታ ምክርና ተግሣጽ እንዲያሳድጓቸው ያዝዛል። ከፊደል ጋር ፍርሃትን የተማረ ልጅ ፍርሃቱ ሲቀርለት ፊደሉንም ይተወዋል።

ሁለተኛ፣ ጦርነትና ስደት ያየ ልጅ ትኩረቱ ቢበተን፣ ሌሊት ቢባንን፣ ያወቀውን ቢረሳ ሰነፍ አንበለው። ለእንዲህ ያለው ልጅ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት፣ በተመሳሳይ ቦታ፣ በተመሳሳይ ድምፅ የሚደረግ ጸሎትና ንባብ ራሱ ዕረፍት ነው።

ሦስተኛ፣ ሴት ልጅን አናስቀር። ውኃ ስትቀዳ፣ ታናሽ ስታዝል፣ ስታበስል የምትውል ልጅ ማታ ለገበታው ጊዜ እንዲኖራት ወንድሞቿ ሥራዋን ይካፈሉ። ነገ የጢሞቴዎስ እናት የምትሆነው እርሷ ናትና።

አራተኛ፣ ስለ ሲኦልና ስለ ቅጣት የሚነገረውን ለሕፃናት ማስፈራሪያ አናድርገው። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅም እንዲህ ያለው ትምህርት ልጁ ዕድሜው ከፍ ሲል እንዲነገረው ይመክራል። ሕፃን አስቀድሞ የእግዚአብሔርን አባትነት ይወቅ።

የቤት ትምህርት ወሰኑ

ቤት መጀመሪያ ነው፤ መጨረሻ አይደለም። የንባብ ስልት፣ ዜማ፣ ምሥጢር ከመምህር ይገኛል። በአጥቢያው የኔታ ካሉ ልጁ ጥቂት ፊደል እንደያዘ ወደ እርሳቸው ይሂድ። ምእመናንም የኔታ ልብሳቸውና ቀለባቸው እንዳይጓደል ተባብረው ያግዙ፤ መምህሩ ለኑሮ ፍለጋ ከሄዱ ጉባኤው ይፈታል። ሕፃኑ ቅዱስ ቁርባን መቀበሉን፣ በቅዳሴ መገኘቱን፣ በሰንበት ትምህርት ቤት መሳተፉን ቤት ሊተካው አይችልም።

የዘመኑ ትምህርት ቤትም እንዲሁ። ሒሳብ፣ ሳይንስና ቋንቋ ልጁ ወደፊት ለሚኖርበት ዓለም ያስፈልጉታል። ትምህርት ቤቱ በተከፈተ ዕለት ልጁን ለመላክ እንዘጋጅ። በቤት ፊደል የቆጠረ፣ እስከ 30 የሚቆጥርና የሚቀንስ፣ ታሪክ ሰምቶ መልሶ የሚናገር ልጅ ዘግይቶ ቢገባም ከእኩዮቹ ጋር ለመድረስ ይቀለዋል። ምንም ሳይማር የቆየ ልጅ ግን ከታናናሾቹ ጋር መቀመጥ አሳፍሮት ጭራሹን እንዳይቀር ያሰጋል።

በአዲስ አበባና በውጭ አገር ያላችሁ የእነዚህ ወረዳዎች ተወላጆች፣ ለዘመዶቻችሁ ስትልኩ ከልብሱና ከገንዘቡ ጋር አንድ የፊደል ገበታ፣ አንድ ዳዊት፣ ጥቂት ደብተርና እርሳስ ጨምሩ። ስልክ ስትደውሉም ልጁን "ዛሬ ስንተኛው ተራ ደረስህ?" ብላችሁ ጠይቁት። የሚጠይቀው ሰው እንዳለ ያወቀ ልጅ ገበታውን አይጥልም። በከተማና በባዕድ አገር የምታሳድጓቸው የራሳችሁ ልጆችም ይኸው ሥርዓት ይጠቅማቸዋል፤ በግ ባይኖር ደረጃ ይቆጠራል፤ ምድጃ ባይኖር የመኝታ ሰዓት አለ።

ሰላም ሲመጣ ትምህርት ቤቶች ይከፈታሉ፤ ጉባኤ ቤቶችም ይሞላሉ። እስከዚያ ግን የሕፃኑ ዕድሜ አይጠብቅም። እናት ዛሬ ማታ እሳቱን ስታነድ አንድ ሐረግ ጸሎት ብታስጠና፣ አባት ነገ ጠዋት በረቱን ሲከፍት አንድ በአንድ ቢያስቆጥር፣ ትምህርቱ ተጀምሯል።

የቅዱሳን አምላክ ሕፃናቱን በጥበብና በሞገስ ያሳድግልን፤ ለአገራችንም ሰላምን ያድልልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር
ወለወላዲቱ ድንግል
ወለመስቀሉ ክቡር አሜን።